ሕመም ከሰው ጋር ይሄዳል፤ መድን ግን ቀበሌ ይቀራል

በዲቾቶ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዲቾቶን ያቆማት መንገድ ነው። ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ በኩል የሚገባው ጭነት፣ ከመሐል አገርም ወደ ወደቡ የሚወርደው ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል። ሹፌሩና ረዳቱ፣ ሻይ አፍልታ የምትሸጠው እናት፣ ጎማ የሚጠግነው ጎልማሳ፣ ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ የተነሣው ወጣት፣ ሳይቀናው የተመለሰውም በዚህ ይገናኛሉ። አገሩ የአፋር ወገኖቻችን ነው፤ ከእነርሱ ጋር የሚኖረው ሌላው ሰው ግን አብዛኛው ቀዬውን ትቶ የመጣ ነው። እኛም ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ከቀዬው ርቆ የሚኖር ሰው አእምሮው ቢታመም የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍንለታል?

አስቀድመን የመድኑን አሠራር እንመልከት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ተመርጠው ነበር። በዚህ መድን አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሻገራል።

የአእምሮ ሕመም በዚህ መድን አይታከምም የሚል ወሬ በየቦታው ይነገራል። አባል የሆነ ሰው ግን ውል በተያዘበት የመንግሥት ጤና ተቋም ለወባና ለሳንባ ምች እንደሚታከም ሁሉ፣ በዚያ ለሚሰጥ የአእምሮ ሕክምናም በመታወቂያው ይታከማል። ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ግን አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ ጭምር እንዲወርድ አቅዷል። ዛሬ በሁሉም ቦታ በእኩል ደረጃ ባይገኝም፣ በየአካባቢው መኖሩን መጠየቅ የሚገባን አገልግሎት ነው።

እንግዲህ ችግሩ ያለው በምዝገባው ላይ ነው። መድኑ የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው፤ ቤተሰቡም በቀበሌው ይታወቃል። የወረዳው መድን የሚከፍለውም ውል ለገባላቸው ጤና ተቋማት ነው። ለምሳሌ ወላጆቹ በተሁለደሬ የመድን አባል የሆኑለትን አንድ ወጣት እናስብ። ዲቾቶ መጥቶ ጭነት ያወርዳል። ከጊዜ በኋላ እንቅልፍ ያጣል፤ ብቻውን ያወራል፤ ሰው ሊገድለኝ ነው እያለ ይሸሻል። የወላጆቹ ደብተር ሐይቅ ላይ ያሳክም ይሆናል፤ እዚህ ግን ከተራ ወረቀት አይቆጠርም። ዕድሜው 18 ዓመት ከሞላ ደግሞ ወላጆቹ ተጨማሪ መዋጮ ካልከፈሉለት በቀር በዚያም አባል አይሆንም። በዲቾቶ እንዳይመዘገብ መሸኛ የለውም፤ መሸኛ እንዳያመጣ አእምሮው አልጸናም።

ሌላ ሕመም ቢሆን ወዳጆቹ አዋጥተው ያሳክሙት ነበር፤ በሳምንት ድኖ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። የአእምሮ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የወራትና የዓመታት ክትትል ይፈልጋል። መድኃኒቱ ሻል ሲለው በድንገት ቢቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው፣ ታማሚው መታመሙን ላያውቅ መቻሉ ነው። ተሰልፎ መብቱን የሚጠይቅለት፣ «ይህ ሰው እገሌ ነው» ብሎ የሚመሰክርለት ያሻዋል። መድን ስምና ምስክር ይጠይቃል፤ ታሞ በባዕድ አገር የወደቀ ሰው ሁለቱንም አጥቷል።

የውጭ አገር ሰው ሲሆን ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚሁ መንገድ ላይ፣ ወደ ሰመራ ሲኬድ፣ በሰርዶ የኤርትራ ስደተኞች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከበራህሌ የተፈናቀሉ ናቸው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የፋይዳ መታወቂያም ለዜጎች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በአገሪቱ ለሚኖር የውጭ ሰውም ይሰጣል። ነገር ግን አገልግሎት ማግኘት መፈቀዱ ወጪው ተሸፈነ ማለት አይደለም፤ ፋይዳ መያዝም የመድን አባል አያደርግም። እያንዳንዱ ለየብቻው ሊጠየቅና ሊጨረስ ይገባል።

ድንበሩን ተሻግረው የሄዱት ልጆቻችንም በተራቸው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁሉን አቀፍ የጤና መድን በሕግ አቋቁማለች። ይሁን እንጂ በሌሊት በእግር የገባ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ራሱን ለማስመዝገብ ቢሮ መቅረብን ይፈራል። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ፣ በመንገድና በእስር ያዩትን መከራ በአእምሯቸው ይዘው የገቡ ብዙዎች ነበሩ። ከተመለሱ በኋላም የወላጆቻቸው መድን ስማቸውን ካልያዘ፣ በገዛ አገራቸው እንግዳ ሆነው ይቀራሉ።

ታዲያ አጥቢያ ምን ማድረግ ይችላል? በመጀመሪያ፣ በየአጥቢያው የመድን ጉዳይ የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ አንዷ ሴት ብትሆን እንመክራለን። የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቀኑን፣ የመዋጮውን መጠንና የሚፈለገውን ማስረጃ ጠይቀው ለምእመናን ያሳውቁ። ሁለተኛ፣ ልጁን ወደ መንገድ የሚሸኝ ወላጅ የልጁን መዋጮ እንዳያቋርጥ የደጋው አጥቢያ ይንገር። ሦስተኛ፣ ታማሚ ሲገኝ ቤተሰቡ ይፈለግ። የአፋር ወገኖቻችን «ዳጉ» የሚሉት ወሬ የመለዋወጥ ባህል አላቸው፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ የሰማውን ሳይነግር አያልፍም። የአካባቢው ሽማግሌዎችና የመስጊዱ አባቶች ከእኛ ጋር ቢመክሩ የማይገኝ ዘመድ ጥቂት ነው። አራተኛ፣ መሸኛው እስኪመጣ ላለው ጊዜ አጥቢያው ትንሽ ገንዘብ ይለይ፤ ለመድኃኒት የወጣበት ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። ደረሰኝ ከሌለ ወጪው ይመለስ ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

የታማሚው ምሥጢርም ይጠበቅ። ስሙና ሕመሙ በጉባኤ ፊት አይነበብ፤ የሚያውቁት ጉዳዩን የያዙት ሁለቱ ሰዎችና የንስሐ አባቱ ብቻ ይሁኑ። የገዛ ደዌው በአደባባይ የተነገረበት ሰው ዳግመኛ እርዳታ ሊጠይቅ አይመጣም።

አባቶቻችንን በትሕትና የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ አስተምረው ነበር። ያ ቃል በአእምሮ ሕመም ላይም ቢነገር ብዙ ሕይወት ያተርፋል። በተለይ በዚህ በረሃ የምናገለግል ካህናት ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን የሚቋቋምበትን አቅም ይቀንሳሉ። ታማሚው ጥላና ውኃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጾም ወራት የንስሐ አባቱ ከሐኪሙ ምክር ጋር አስማምተው ቀኖናውን ያቅሉለት፤ በሰንሰለት ታስሮ በፀሐይ እንዲውልም አይፍቀዱ።

በወንበዴዎች ተደብድቦ በመንገድ የወደቀውን ሰው ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ያነሣው ሳምራዊ ለዚያ አገር ባዕድ ነበር። ቁስሉን ካሰረ በኋላም አልተወውም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ የሚበልጥ ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ለማያውቀው ሰው የነገውን የሕክምና ወጪ አስቀድሞ ያዘለት ማለት ነው።

የእኛም መንገድ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። የመድን መዝገቡ እስከ ቀበሌው ወሰን ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ርቀት የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። የሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት ሳይደርስ እያንዳንዱ አጥቢያ ሁለቱን ሰዎች መርጦ ስማቸውን ለሀገረ ስብከቱ የልማት ክፍል እንዲያሳውቅ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።