ሲያዳልጥ ስለ አረማመዳችን
(በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ)



ወደ መዋጮው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ እግራችን ጥቂት እንድንነጋገር የሥራ አመራር ኮሚቴው ወስኗል። እግር ደግሞ ምን ያስወራል የምትሉ አትጠፉም። ባለፈው ክረምት ሁለት እናቶቻችን ወድቀዋል፤ አንደኛዋ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ እስከ ዛሬ ከአልጋ አልወረዱም። ሁለቱም ያን ሁሉ ጭቃ በሰላም አልፈው የወደቁት የት መሰላችሁ? አንደኛዋ የሳሙና ውኃ የፈሰሰበት የግቢ በር ላይ፣ ሌላዋ ለቅሶ ቤት፣ ዕቃ የታጠበበት ሊሾ ላይ ነው።

ምክንያት አለው። ሰው በደረቅ መሬት ሲሄድ እግሩን ዘርግቶ በተረከዙ ያርፋል። ያን ጊዜ የሰውነት ክብደት ተረከዙን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ መሬቱ ካልያዘው እግር ወደ ፊት ሸሽቶ ሰውየው በጀርባው ይዘረጋል። ጭቃ ስናይ ግን ማንም ሳያስተምረን እርምጃችን ያጥራል፣ ጉልበታችን ሸብረክ ይላል፣ በሙሉ ውስጥ እግራችን እንረግጣለን፤ ጡንቻችንም አስቀድሞ ይወጠራል። ጀሪካን ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱትን ልጆች አይታችኋቸው የለም? ልክ እንደ ዳክዬ! ደግ አረማመድ እሱ ነው።

ይህን ያጠኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ወለሉ ሊያዳልጥ ይችላል የተባሉ ሰዎችን በደረቅ ወለል ላይ አስኪዶ ለካ። እንደ ወትሮው ተራመዱ እየተባሉ እንኳ፣ እግራቸው እንዳይንሸራተት ከወለሉ የሚፈልገው ፍትጊያ ከ16 እስከ 33 በመቶ ቀነሰ። የረገጡት ወለል እኮ ደረቅ ነበር።

እንግዲህ ሰውነት ካልተነገረው፣ ዓይንም ካላየ፣ አይዘጋጅም ማለት ነው። መብራት የጠፋ ማታማ ይብሳል።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት ዕቃ የሚያጥቡ ተረኞች እጣቢውን ወደ ቦዩ ያፍስሱ። መተላለፊያ ላይ ከፈሰሰም አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ይበተንበት፤ አንድ ሰው ቆሞ «ያዳልጣል!» እያለ ያሳልፍ። በየግቢያችሁም እንደዚሁ። ሶሉ ያለቀ ጫማ ለክረምት አይሆንም። እጅን ጋቢ ውስጥ ቀብሮ መሄድም ይቅር፤ ሲያዳልጥ ሚዛን የሚጠብቀው እጅ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ወድቀው የተነሱ አዛውንቶቻችን ከዚያ ወዲህ ደረቅ መሬት ላይም እየፈሩ ከቤት መውጣት ተዉ። ልጆች ደግሞ «እማማ፣ አይውጡ» ይላሉ። ይህ ደግነት አይመስለንም፤ የተቀመጠ እግር ይደክማል፣ የደከመ እግር ደግሞ ይጥላል። ክንዳቸውን ይዛችሁ በደረቁ ሰዓት አንቀሳቅሷቸው።

አሸዋው ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ተከምሯል፤ ባልዲ ይዞ መምጣት ብቻ ነው። አሁን ወደ መዋጮው እንለፍ።