በ90 ዓመት ብረት ማንሳት

ብረት ማንሳት የጎረምሳ ሥራ ነው የሚል ካለ የቦስተኑን ነገር ይስማ። ዶክተር ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 ደካሞችን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አስነሷቸው። ለዚያውም የይስሙላ ክብደት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት ከሚችሉት እስከ 80 በመቶ የሚደርስ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት 9ኙ የጭናቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። የጭናቸው ጡንቻ ግን የወፈረው 9 በመቶ ብቻ ነው። ጡንቻን የሚያዘው ነርቭ ነውና፣ ሲለማመድ ቦዝነው የከረሙትን የጡንቻ ክሮች ሳይቀር ያሠራል።

ሁለቱ ከዘራቸውን ጣሉ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ በእጃቸው ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት ካቃታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ብድግ ማለት ቻለ። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሰው አለመጥራት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! እኛ ደግሞ ለአክብሮት ብለን አባቶቻችንን «እርስዎ ይቀመጡ» እያልን እናስቀምጣቸዋለን።

ልምምዱ በቆመ በ4 ሳምንት ውስጥ ታዲያ የአረጋውያኑ ጉልበት በ32 በመቶ ቀነሰ።