ወረቀት በሚዛን
እህቶቻችንና ደጋፊዎቻችን፣ ባለፈው ጥር ከቡሬ ታዘን ያበላሸነውን የሠርግ ጥሪ ካርድ አንደብቃችሁም። ወረቀቱን ፍኖተ ሰላም ላይ በእጃችን እየዳሰስን፣ የወፈረውን መርጠን በቁጠባችን ገዛን። ፕሪንተራችን ጎርሶ መዋጥ አቃተው፤ ግማሹ ተጨማድዶ ወጣ። ለሙሽራዋ በራሳችን ወጪ ደግመን አተምን።

አሁን እንመዝናለን። 16 የኤ4 ወረቀቶች ጎን ለጎን ቢነጠፉ አንድ ካሬ ሜትር ይሞላሉ ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የ16ቱ ክብደት በግራም የወረቀቱ ቁጥር ነው። የተለመደው 80 ነው፤ ለጥሪ ካርድ 200 ይበቃናል። ፕሪንተሩ ስንት ድረስ እንደሚችል መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ያን ጊዜ አላየነውም። ሚዛኑን በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ታውሰናለች፤ መጀመሪያ መጥረጉ ግን የኛ ፋንታ ነው። ካርዱን ከማጠፋችን በፊት እጥፉን በማስመሪያና ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ እናሰምረዋለን፤ አለዚያ ጠርዙ ይሰነጠቃል።