በማዱራይ ቤተ መቅደስ ደጃፍ

(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ሒሳብና ፊዚክስ የተማሩት ከሕንድ አገር በመጡ መምህራን ነው። የመምህራኑን አነጋገርና ቁጣ እስከ ዛሬ እየሣቁ ያወሩልናል፤ ከየትኛው ከተማ እንደ መጡ፣ በአገራቸውም በየትኛው ደጅ እንደሚሳለሙ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። እኛም ብንሆን የሂንዱ ቤተ መቅደስ ነገር ሲነሣ «ጣዖት» በሚል አንድ ቃል ዘግተነው እናልፋለን። ዛሬ ስለ አንዱ ልንናገር የተነሣነው ማንንም ከሃይማኖቱ ለማናወጥ አይደለም፤ በዚያ ቤት ደጃፍ ላይ የተደረገው ክርክር እኛንም የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ቤቱ የሚገኘው በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በቫይጋይ ወንዝ ዳር በተቈረቈረችው በማዱራይ ከተማ ነው። የሚናክሺና የባሏ የሺቫ ቤት ነው። ሚናክሺ ማለት ዓይኗ ዓሣ የመሰለ ማለት ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የታሚል ባለቅኔዎች በማዱራይ ስላለው የሺቫ ቤት ዘምረዋል፤ ዛሬ የሚታየው ሕንፃ አብዛኛው ግን የዴልሂው ጦር አለቃ ማሊክ ካፉር በ1311 ከተማዋን ከዘረፈ በኋላ፣ ናያክ በተባሉት ገዢዎች ዘመን፣ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሚናክሺ የሚተረከው እንዲህ ነው። የፓንድያ ንጉሥ ልጅ አጥቶ በእሳት መሥዋዕት ሲያቀርብ፣ ከእሳቱ መካከል የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ወጣች፤ ሦስት ጡትም ነበራት። ንጉሡ ቢያዝን፣ እንደ ወንድ ልጅ እንዲያሳድጋት፣ ባሏ የሚሆነውን ባየች ዕለትም ሦስተኛው ጡት እንደሚጠፋ የሚናገር ድምፅ ሰማ። ልጅቱ የጦር ጥበብ ተምራ አባቷን ተክታ ነገሠች፤ በየአቅጣጫው ዘምታ ድል እያደረገች እስከ ሺቫ ተራራ እስከ ካይላሳ ደረሰች። በዚያ ከሺቫ ፊት ስትቆም ጡቱ ጠፋ፤ ሺቫም ወደ ማዱራይ መጥቶ አገባት። ስለዚህ እስከ ዛሬ ተሳላሚ አስቀድሞ የሚገባው ወደ ሚናክሺ ነው፤ ወደ ሺቫ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። እርሷ ባለ አገር ናት፤ እርሱ በሚስቱ ቤት የገባ አማች ነው ብንል ያስኬዳል።

ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ የሚጥመው ግን በቤቱ ቅጥር ውስጥ ስላለው ስለ ወርቅ ሎተስ ኩሬ የሚነገረው ነው። አንድ ንጉሥ የሴት ጠጕር በተፈጥሮው መዓዛ አለው ወይስ የለውም የሚል አሳብ ገባውና፣ አሳቡን በግጥም ለፈታለት ወርቅ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሺቫ ለአንድ ድኻ አገልጋይ ግጥም ጽፎ ሰጠው፤ ግጥሙም ጠጕር የተፈጥሮ መዓዛ አለው የሚል ነበር። ድኻው ወርቁን ሊቀበል ሲል የባለቅኔዎቹ አለቃ ናኪራር ተነሥቶ ግጥሙ ስሕተት አለበት አለ። ሺቫ ራሱ በሰው አምሳል መጥቶ ተከራከረ፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ በግንባሩ ያለውን የሚያቃጥል ሦስተኛ ዓይን ገለጠ። ናኪራር ግን ዓይንህን ብትገልጥም ስሕተት ስሕተት ነው ብሎ መለሰና፣ ሲቃጠል ከኩሬው ውስጥ ወደቀ። ኋላ አምላኩ ይቅር ብሎ አወጣው ይባላል። ይህን ታሪክ የሚተርኩት የሺቫ አማኞች ራሳቸው መሆናቸውን ልብ በሉ። አምላካቸውን የተቃወመውን ሰው ስም አልሰረዙም።

የሕንፃው አሠራር ከእኛ ልማድ ይለያል። ጕልላቱ ከሩቅ የሚታይ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው፣ እዚህ ረጅሙ ማማ ከመካከል ሳይሆን ከውጭ በር ላይ መሆኑ ያስገርመዋል። 14 የበር ማማዎች አሉ፤ በ1559 የተሠራው የደቡቡ በር ወደ 52 ሜትር ይደርሳል፤ ከላይ እስከ ታች በአማልክት፣ በአራዊትና በአጋንንት ምስል፣ በልዩ ልዩ ቀለም ተሸፍኗል። ወደ ውስጥ በተገባ ቍጥር ግን ማማው ያጥራል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ በእኛ መቅደስ በምንለው ስፍራ ላይ ያለው ጕልላት በወርቅ የተለበጠ ትንሽ ነው። «የሺህ ምሰሶ አዳራሽ» የሚባለውም አለ፤ የቈጠሩት 985 ነው ይላሉ። የከተማዋ መንገዶች ቤቱን በየዙሩ የሚከቡ ሲሆኑ ስማቸው የታሚል ወሮች ስም ነው።

በየሌሊቱ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ካህናት የሺቫን የእግር ምልክት በብር ቃሬዛ አድርገው፣ በከበሮና በመለከት፣ በዕጣንም እያጀቡ ወደ ሚናክሺ እልፍኝ ይወስዱታል፤ ጧት ይመልሱታል። በሚያዝያ ገደማ ደግሞ ሰርጋቸው ይከበራል። በተራ ሰዎች ትረካ ወንድሟ አላጋር ከኮረብታው ቤቱ ተነሥቶ ሲመጣ ሰርጉ አልፎ ይደርስና፣ ተቈጥቶ ወንዙን ረግጦ ይመለሳል። ዘመድ ሰርግ ላይ ዘግይቶ ደርሶ ሲያኮርፍ ማየት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከተማው በሙሉ ሊቀበለው ከወንዙ ዳር ይወጣል።

ከተማው በሙሉ ስንል ግን ቸኵለናል። መነካታቸው ያረክሳል የተባሉ ወገኖች በዚህ ደጅ ለብዙ ዘመን አይገቡም ነበር። ማኅተማ ጋንዲም እነርሱ ካልገቡ አልገባም ብለው ከደጅ ተመልሰዋል። በአገራችን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ምን እያልን እንደ ኖርን የምናውቅ፣ በሕንዶች ላይ ጣታችንን ለመቀሰር አንቸኵልም።

ሐምሌ ወር 1939 (እንደ አውሮፓውያን በ8ኛው ቀን) ቫይድያናታ አይየር የተባሉ ጠበቃ፣ በዘራቸው ብራህማን፣ ከተከለከሉት ወገኖች ጥቂቶቹን ይዘው ገቡ። ከገቡት አንዱ ካካን ይባላሉ፤ ኋላ የማድራስ ግዛት ሚኒስትር ሆነዋል። ከካህናቱ አንዳንዶቹ ቤቱ ረክሷል ብለው አናገለግልም አሉ። የራጃጎፓላቻሪ መንግሥት ግን በዚያው ዓመት ደጁን የከፈቱትን ከክስ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ጋንዲ በ1946 ገብተው ተሳለሙ። እኛ ይህን ስናነብ ናኪራር ትዝ አለን፤ ስሕተት ነው ያሉት በዚህ ጊዜ ከደጅ የቆሙት ናቸው።

የመግባቱ ነገር አልቆ፣ የማገልገሉ ነገር ቀጥሏል፤ በ2021 የታሚል ናዱ መንግሥት ብራህማን ያልሆኑ የሠለጠኑ ካህናትን በልዩ ልዩ ቤተ መቅደስ ሲሾም በፍርድ ቤት አከራክሯል። ሂንዱ ያልሆነ እንግዳም በአዳራሾቹና በኩሬው ዙሪያ ይዘዋወራል እንጂ ወደ ውስጠኛው መቅደስ አይገባም። እኛም አንድ ቀን ማዱራይ ብንደርስ፣ ከዚያው መልስ ቆመን የሌሊቱን ከበሮ እንሰማለን።