ከበሩ መካከል የማይታየው
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጡብ ቤት ነው። ስሙ ገንስተን ሆል ይባላል፤ የሚገኘውም በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ነው። ጆርጅ ሜሰን የተባለው ባለርስት ያሠራው ከ1755 እስከ 1759 ነው (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ)። አሠራሩ ጆርጂያን የሚባለው ከ1714 እስከ 1830 በእንግሊዝ ዙፋን ላይ በተከታታይ በነገሡት አራት ጆርጆች ስም ነው።

የዚህ አሠራር ሕግ ሚዛን ነው። በሩ ከመካከል ይቆማል፤ በቀኝ ሁለት መስኮት ካለ በግራም ሁለት ይሆናል። ቀዩ ጡብ አንዱ በጎኑ፣ ቀጥሎ ያለው በጫፉ እየተፈራረቀ ተገንብቷል። ይህ አደራረብ ለዓይን ከማማሩም በላይ፣ በጫፉ የገባው ጡብ የግንቡን ፊትና ውስጥ አያይዞ እንደ ማሰሪያ ያገለግላል። ማዕዘኖቹ ጥርብ ድንጋይ ናቸው። የጎረቤቱ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ድንጋይ እንዲመስል አሸዋ የተነሰነሰበት ሳንቃ ነው። እኔስ የሜሰንን እመርጣለሁ፤ ጡብ ይመስላል፣ ጡብም ነው!

የውስጡን ጌጥ ያወጣው ዊልያም ባክላንድ የሚባል እንግሊዛዊ አናጢ ነው። በ1755 የአራት ዓመት የአገልግሎት ውል ፈርሞ ከለንደን ሲመጣ ዕድሜው ሃያ አንድ ነበር፤ የኛው እኩያ ማለት ነው። ውሉ ሲያልቅ ሜሰን በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ የሙያ ምስክርነት ጻፈለት። በርስቱ ላይ በባርነት ለሚደክሙት ግን ውልም ምስክርነትም አልነበራቸውም።

ሜሰን በ1776 የቨርጂኒያን የመብት መግለጫ ያረቀቀ ሰው ነው። በ1787 በፊላዴልፊያ ጉባኤ ላይ የባሪያን ንግድ አጥብቆ አወገዘ፤ በ1792 ሲሞት ግን የራሱን ባሮች ነፃ አላወጣም። ይህን ቅራኔ ብዙዎች በጽሑፎቹ ውስጥ ይፈልጉታል። እኔ ግን በቤቱ ፕላን ላይም ይነበባል ባይ ነኝ፤ ስለዚህ ፕላኑን የሚስል ሰው ወረቀቱን ከግንቡ ውጭ አስፍቶ ይዘርጋው።

ልጁ ጆን ሜሰን በኋላ ዘመን በጻፈው ትዝታ እንደሚለው፣ ወደ በሩ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የቼሪ ዛፎች በረድፍ ተተክለው ነበር። ረድፉ እጅግ ቀጥ ያለ ስለነበር፣ ከበሩ መካከል የቆመ እንግዳ የፊተኞቹን አራት ዛፎች ብቻ ያያል፤ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ግን ረጅሙ ረድፍ ሁሉ ይገለጥለታል። አባቱ በዚህ እንግዶችን ማስደነቅ ይወድ ነበር።

በዚሁ ትዝታ ውስጥ ሎግ ታውን ስለምትባል መንደር ተጽፏል። የቤቱ ባሮች ከነቤተሰባቸው የሚኖሩባት እርስዋ ነበረች። የቆመችው በደኑ ዳር፣ ከዓይን ለመሰወር የሚበቃ ያህል ብቻ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ነው፤ ቤቶቿም ከተጠረበ የጥድ ግንድ የተሠሩ ነበሩ።