አዱሬ በሂሳብ መዝገባችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በሪፖርቱ ውስጥ «ልዩ ልዩ ወጪ» ከሚለው ሥር «ለአዱሬ» የሚል መስመር አለ። ሰብሳቢያችን «አዲስ አባላት አያውቋትም፤ ማን እንደነበረች ንገሯቸው» ስላሉን ነው የቆምነው። ሂሳብ ክፍል ያለነው ሁለታችን ቁጥር እንጂ ንግግር አለመድንም፤ ታገሡን።

አዱሬ ድመታችን ነበረች። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጥበቃ ሠራተኛችን አባባ፣ በዝናብ የበሰበሰች አንዲት ግልገል በጋቢያቸው ጠቅልለው ከመንገድ ዳር አመጧት። «አዱሬ፣ አዱሬ» እያሉ ወተት ሲያጠጧት፣ ኦሮምኛ በቅጡ የማናውቀው ስም ያወጡላት መሰለን። ለካ «ድመት፣ ድመት» ነው የሚሏት! ሲነግሩን በሳቅ ፈነዳን፤ ስሙ ግን በዚያው ጸና።

ግራጫ ናት፤ ደረቷ ነጭ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቆረጥ ያለ። ጠዋት ጠዋት የምትተኛው ከመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ልክ ነበር፤ ፀሐዩ ደግሞ የሚያርፈው ደረሰኝ የምናስቀምጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስንት የወጪ ማዘዣ ጥፍሯ እንደበሳው ኦዲተር ያየ ያውቀዋል። ሐሙስ የቁጠባ ቀን መሆኑን ታውቅ ነበር ብንል ታምኑናላችሁ? ሐሙስ ሐሙስ በሩ ላይ ተቀምጣ የገባችውን ሁሉ እግር ታሸታለች። ዓሣ ሻጯ እህታችን ስትመጣ ግን ገና ከመንገዱ ማዶ ሳለች ነው ተነሥታ የምትሄደው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ካለቀ ወዲህ ቆቃ ዓሣ አጥቶ አያውቅም፤ አምባዛን ደግሞ ቅርፊት የለውም ብለን ብዙዎቻችን ስለማንበላው ለእሷ ተረፈ። ጭንቅላቱን ይዛ የምትገባው ከእኛ ወንበር ሥር ነው። ሽታው እስከ ማታ አይለቅም ነበር።

በሁዳዴ ከእኛ ቤት ወተት ሲጠፋ ሙስሊም እህቶቻችን ያመጡላታል፤ በረመዳን ደግሞ ቀን ቀን የማብላቱ ተራ የእኛ ነው። አንዷ እህታችን፣ የነቢዩ ባልደረባ የነበሩት አቡ ሁረይራ ስማቸው «የትንሿ ድመት አባት» ማለት እንደሆነ የነገረችን ያኔ ነው። ሽሮ ክፍል ያሉት እናታችን ደግሞ፣ በስቅለት ዕለት ከዘንቢል ሥጋ ስትጎትት ይዘዋት «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አሉና ዘንቢሉን ከፍ አድርገው ሰቀሉት። መቆጣታቸው ለይምሰል ነበር።

የተጣላናት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር የነበረች እህታችን «ድመት ፅንስ ትጎዳለች» የሚል ሰምታ ትባረር አለች። ጤና ባለሙያዋን ጠየቅን። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር እንደሚወጣ፣ ነፍሰ ጡር እሱን መጥረግ እንደሌለባት፣ ሌላ ሰው ግን በየቀኑ ቢጠርገው አደጋው በጣም እንደሚቀንስ ነገረችን። ቀጥላ «ጥሬ ሥጋስ ትበያለሽ? እሱም ያው ተሕዋስ ይኖረዋል» ስትላት ዝም ተባለ። ድመቷን ልናባርር የተነሣነው ክትፎውን ሳንነካ ነበር።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ጥር ላይ ገዝተን ለክረምት የምናስቀምጠውን ጤፍ አይጥ ከረጢቱን እየቦረቦረ ይፈጅብን ነበር። አዱሬ ካደገች በኋላ «የክምችት ጉድለት» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆነ። ያልጠፋ እህል ግን በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። የሚጻፈው በወር 150 ብር የወተት ነው። በእንግሊዝ አገር በ1929 እ.ኤ.አ. የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቢሮ ድመቱ ከጥቃቅን ወጪ በቀን አንድ ፔኒ አስፈቅዷል። እዚያ ደረሰኙን ማን እንደሚፈርም አናውቅም እንጂ፣ እኛ ጋ አባባ በጣታቸው ይፈርሙ ነበር።

በ2016 ሁለተኛውን መጋዘን ስንከፍት አይጥ ከጣሪያው ሥር ገባ። መርዝ ይገዛ ያልነው እኛ ነን፤ ይህን ዛሬ በግልጽ መናገር አለብን። ወጪውን አስልተን ርካሽ ሆኖ አገኘነው፣ ኮሚቴውም በእኛ ስሌት አጸደቀ። ከገበያ የተገዛው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው፤ ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ፣ ምንም ጽሑፍ የለበትም። «አዱሬስ?» ያሉት አባባ ብቻ ነበሩ። እሳቸው አባል ስላልሆኑ ድምፅ የላቸውም። ሁለት ሌሊት ቢሮ እንቆልፍባታለን አልናቸው፤ ቆለፍንም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለቀቅናት። መርዙን የበላ አይጥ እየተንገዳገደ ግቢው ውስጥ ነበር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በወንበራችን ሥር አገኘናት፤ አፏ አረፋ ደፍቋል፣ መቆም አልቻለችም። ወተት ጋትናት። የእንስሳት ሐኪሙ ሲደርስ ወተት ማርከሻ እንደማይሆን ነገረን፤ ግን አልፋ ነበር። ከፌስታሉ የቀረውን አይቶ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት መሆኑን ሲያውቅ «ዚንክ ፎስፋይድ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ልጅ ቢቀምሰውም ያው ነው። ለነቀዝ ብለን እህል ውስጥ የምንከተው ኪኒንም ይህንኑ ጋዝ እንደሚያወጣ፣ ከእህሉ ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ የማይነሣ ሰው እንዳለ ሲነግረን ስንቶቻችን ጆንያችን የት እንዳለ እንዳሰብን እናንተው ታውቃላችሁ። በማግስቱ ሰባት እህቶች ኪኒን ያለበትን ጆንያ ከመኝታ ቤት አውጥተዋል።

አባባ አጥሩ ሥር፣ ሐይቁ በሚታይበት በኩል ቀበሯት። «ለድመት ደግሞ መቃብር!» ያለችም ነበረች። እናታችን ግን «ጃንሆይ ለሉሉ ድንጋይ አስቀርጸው የለ እንዴ፣ ያውም ለውሻ፣ ያውም በቤተ መንግሥት!» ብለው አፏን አስያዟት። እኛ ድንጋይ አላስቀረጽንም። አባባ ከግንብ የተረፈ ብሎኬት አስቀመጡ።

እንግዲህ ያነበብነው መስመር ከሐምሌ እስከ ሚያዝያ የወተት፣ በመጨረሻ ደግሞ የሐኪሙ የትራንስፖርት ነው። ለመጪው ዓመት በዜሮ ልንዘጋው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን አባባ አንድ ካርቶን ይዘው መጡ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ አበጅተውለታል። ውስጡ ያለችው ጥቁር ናት፣ ጆሮዋም ሙሉ ነው። ስም አልወጣላትም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሁለት ነገር ነው። ወተቱ በወር 300 ብር ይያዝ፤ ዋጋ ጨምሯል። ሁለተኛ፣ መርዝ ከመጋዘናችን እንዲወጣ፣ የጣሪያው ቀዳዳም በቆርቆሮ እንዲደፈን ይወሰን። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አባባ በር ላይ ናቸው፤ ይጠሩልንና መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ።