ወደ ቪሽኑ ቅዱሳን መካናት የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ዕቅድ አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ሁላችንም ከምናውቀው ከመንገድና ከድልድይ ሥራ ምሳሌ ማምጣት ይቀለኝ ነበር። ይሁንና ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በሕንድ አገር በቆየሁበት ጊዜ በቅርብ የተመለከትኩት አንድ ጉዳይ፣ ለሙያችን እጅግ አስተማሪ ሆኖ ስላገኘሁት ዛሬ ስለ እርሱ ልናገር መርጫለሁ። ጉዳዩም የሂንዱ ምእመናን ቪሽኑ ወደሚመለክባቸው ቅዱሳን መካናት የሚያደርጉት ጉዞ ነው። እኔ የሌላ እምነት ተከታይ ብሆንም፣ ስለ ዕቅድ የተማርኩት ከዚህ ጉዞ ቀላል አይደለም።

በደቡብ ሕንድ፣ በተለይም በታሚሎች ዘንድ፣ የቪሽኑ ምእመናን 108 ቅዱሳን ሥፍራዎችን ይቆጥራሉ፤ እነዚህም «ዲቪያ ዴሳም» ይባላሉ። ከ6ኛው እስከ 9ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበሩና አልዋር የሚባሉ 12 ባለቅኔ ቅዱሳን በመዝሙራቸው ያወደሷቸው ሥፍራዎች ናቸው። መዝሙሮቹም እስከ ዛሬ ድረስ በየቤተ መቅደሱ ይዘመራሉ። ከ108ቱ መካከል 105ቱ በሕንድ፣ 1 ደግሞ በኔፓል ይገኛሉ። የቀሩት 2 ግን በምድር ላይ አይደሉም፤ አንደኛው የወተት ባሕር፣ ሁለተኛው የቪሽኑ ሰማያዊ መኖሪያ ነው። ወደ እነዚህ ሰው በእግሩ አይደርስም። እንግዲህ ይህን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ሥራውን የሚጀምረው፣ ሁሉ በእጁ እንደማይፈጸም አስቀድሞ ዐውቆ ነው።

የ106ቱ ሥፍራዎች አቀማመጥ እኩል የተበተነ አይደለም። በጥንቱ የቾላ አገር፣ ማለትም በካቬሪ ወንዝ ዙሪያ 40፣ በካንቺፑራምና በቼናይ አካባቢ 22፣ በደቡቡ የፓንድያ አገር 18፣ በኬራላና በአጎራባቹ 13፣ በመካከል 2 ሲሆኑ፣ 11ዱ በሰሜን ተበትነው ይገኛሉ። በሲርካዢ ከተማ አጠገብ 11 ቤተ መቅደሶች ተቀራርበው የቆሙ ስለሆነ በአንድና በሁለት ቀን መሳለም ይቻላል፤ በሰሜን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ባቡር፣ መኪና፣ አንዳንድ ጊዜም አውሮፕላን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ106ቱ 95ቱን የፈጸመ ሰው «የቀረኝ ጥቂት ነው» ቢል ይሳሳታል፤ በቁጥር ጥቂት የሆነው በድካም ብዙ ነውና።

በዕቅዱ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ጥያቄ የሰዓት ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ ቤተ መቅደሶች ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ይዘጋሉ። ካርታ ብቻ አይቶ ኪሎሜትር የደመረ ሰው ከተዘጋ በር ፊት በፀሐይ ይቆማል። ልምድ ያላቸው ተሳላሚዎች ቀኑን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ማለዳውና ምሽቱ ለጸሎት፣ ቀትሩ ለመንገድ ነው። እንደ ስሪራንጋም ላለ ሥፍራ ግን ይህም አይበቃም። ስሪራንጋም በካቬሪና በኮሊዳም ወንዞች መካከል ባለ ደሴት ላይ የተሠራ ሆኖ 7 ተከታታይ ቅጥሮችና 21 የበር ግንቦች ያሉት ነው፤ ትልቁ ግንብ 72 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው የተጠናቀቀውም እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ለሂንዱ ላልሆነ ሰው የውስጡ መቅደስ ስለማይፈቀድ እኔ የተመለከትኩት የውጭውን ክፍል ብቻ ቢሆንም፣ ለዚያው እንኳ አንድ ቀን አልበቃኝም።

ሁለተኛው የወቅት ጥያቄ ነው። በሂማላያ ተራራ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኘው ባድሪናት በበረዶ ምክንያት ከኅዳር ገደማ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይዘጋል። በተከፈተበት ጊዜም ቢሆን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ድረስ ዝናቡ ናዳ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰኔ ወር በዚያው ክፍለ አገር፣ በተለይም በኬዳርናት ሸለቆ፣ ድንገተኛ ጎርፍ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ተሳላሚዎች ነበሩ። ወደ ባድሪናት በሚያስወጣው መንገድ ላይ ያለችው የጆሺማት ከተማም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ መሬቷ እየሰመጠ ቤቶቿ በመሰንጠቃቸው አያሌ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። በደቡብ በኩል ደግሞ ታሚል ናዱ ብርቱ ዝናብ የምታገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ደቡቡን በጥርና በየካቲት፣ ተራራውን በግንቦት ወይም ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ማየት ይመረጣል።

ሦስተኛው የሕዝብ ብዛት ጥያቄ ነው። በቲሩማላ ተራራ ላይ ባለው ቤተ መቅደስ በተራ ቀን እንኳ 60,000 ያህልና ከዚያም በላይ ሕዝብ ይገባል። አስተዳደሩ ሰዉን በሰልፍ ከማቆም ይልቅ በተከፋፈሉ አዳራሾች አስቀምጦ፣ ምግብ እያደለ፣ በተራ ይለቃል፤ የመግቢያ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀትም ይሰጣል። ይህ እጅግ የሚደነቅ አሠራር ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 8 ቀን 2025፣ ለታላቁ የቫይኩንታ ኤካዳሺ በዓል ወረቀቱ በሚታደልበት ሥፍራ፣ ከተራራው ግርጌ በምትገኘው በቲሩፓቲ ከተማ፣ በተፈጠረ መረጋገጥ 6 ሰዎች ሞተዋል። አደጋው የደረሰው በቤተ መቅደሱ በር አልነበረም። ባልደረቦቼ ሆይ፣ መጨናነቅን ከአንድ በር ስናነሳ ወደ የትኛው በር እንደምናዛውረው ካልጠየቅን፣ ያስወገድነው አደጋ የለም፤ ቦታውን ብቻ ለውጠነዋል።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የሰውነት ጥያቄ ነው። በዩኒቨርሲቲው አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሕንዳዊ ወዳጄ እናቱ በ30 ዓመት ውስጥ 97 ሥፍራዎችን ተሳልመው ነበር። የቀሯቸው 9ኙ የሰሜኖቹ ናቸው፤ አዮድያ፣ ናይሚሻራንያ፣ ማቱራ፣ ጎኩል፣ ድዋርካ፣ ዴቫፕራያግ፣ ጆሺማት፣ ባድሪናት፣ በኔፓልም ሙክቲናት። ዕድሜያቸው ወደ 70 ተጠግቷል፤ ልባቸውም ይታመም ነበር። ልጃቸው ሁሉንም በ20 ቀን ለመጨረስ ያወጣውን ዕቅድ አምጥቶ የመንገድ መሐንዲስ ነህና ተመልከትልኝ አለኝ።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ የተስተካከለ ነበር፤ የእናቱ ልብ ግን በስሌቱ ውስጥ አልገባም ነበር። ሙክቲናት ከ3,700 ሜትር በላይ ነው፤ ተሳላሚው ግን 800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከፖክሃራ ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚያ ሊደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ለምንኖር ለእኛ እንኳ ይህ ቀላል አይደለም፤ ዕድሜውን በሙሉ በባሕር ዳርቻ ለኖረ ሰው ግን ብርቱ አደጋ ነው። ስለዚህ ጉዞውን ለሁለት ከፈልነው፤ የሜዳዎቹን 5 ሥፍራዎች በየካቲት፣ የተራራዎቹን በመስከረም መጨረሻ። ወደ ባድሪናትም በየደረጃው እያደሩ እንዲወጡ ሆነ። ሐኪማቸው ይህን ፈቀደ፤ ሙክቲናትን ግን ከለከለ።

ይህንን ለእርሳቸው መንገር ለልጁ ከባድ ስለነበረ አብሬው ሄድኩ። አማ፣ ከሠላሳ ዓመት ድካም በኋላ አንዱ ጎደለ ስንላቸው ያዝናሉ ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን በቤታቸው ጸሎት ቤት ያለውን ሻሊግራም የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ አሳዩን። ይህ ድንጋይ ሙክቲናት ካለበት ሸለቆ፣ ከካሊ ጋንዳኪ ወንዝ የሚገኝና ለቪሽኑ ምእመናን የአምላክ መገለጫ ሆኖ የሚመለክ ነው። «እኔ ወደ እርሱ ሳልሄድ እርሱ መጥቷል» አሉን። ቀጥለውም በእግር የማይደረስባቸው ሁለት እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ለእኔ ሦስት ሆኑ፤ እነርሱን ሌላ ጊዜ አያቸዋለሁ ብለው ፈገግ አሉ። በዚያው ዓመት 8ቱን ተሳልመው በጤና ተመለሱ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ለሙያችን ግልጽ ይመስለኛል። በልማድ ተሳላሚው ከቅርብና ከቀላል ይጀምርና ከፍታውንና ሩቁን ለእርጅናው ያቆያል። እኔ ብጠየቅ የምመክረው ግን ተራራውን በጉልበት ዘመን፣ ቅርቡን በዕረፍት ዘመን እንዲያደርገው ነው። እኛም በሥራችን አስቸጋሪውን ክፍል ለበጀት ዓመቱ መጨረሻ ማቆየት የተለመደ ሆኖብናል። ሁለተኛም፣ መልካም ዕቅድ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተው፣ ስለ ምንም እንደሚተው አስቀድሞ ይናገራል። ቁጥርን ለመሙላት ሲባል ሰውን የሚያስከፍል ዕቅድ፣ ስሌቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዕቅድ ሊባል አይገባውም።